ለጥቅምት አንድ ሪሌ

«ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የአበው ብሂል በየቤቱ የታወቀ ነው። የጥቅምት ብርድ ሲገባ ሰውነት የሚጠገንበት፣ ድስት የሚጣድበት ጊዜ እንደ ደረሰ ያስታውሰናል። በዚህ ሳምንት አምዳችን ግን ስለ ድስቱ ሳይሆን ከደጅ ውርጭ ላይ ስለሚያድረው የናፍጣ መኪና ልንነጋገር ወደናል። ጉዳዩ የሾፌርና የመካኒክ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት፣ ትኩሳት የጣለውን ሕፃን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ይኸው መኪና በመሆኑ፣ ባለቤቶችም እንደ ባሎቻቸው ሊያውቁት የሚገባ ነው ብለን እናምናለን።

እንደሚታወቀው በሰሜኑ ዓለም ክረምት ማለት ብርድና በረዶ ሲሆን በእኛ አገር ክረምት ዝናብ ነው። ውርጩ የሚወርደው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፣ ወይም በባሌ ከጎባ በላይ ከ4000 ሜትር በሚበልጠው በሰነቴ አምባ የሠራ ሁሉ፣ ሣሩ ነጭ ለብሶ የሚያድርበትን ማለዳ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለው ማለዳ የሰው ጣት እንደሚደነዝዝ ሁሉ የናፍጣ ሞተርም ይደነዝዛል።

የሚደነዝዝበት ምክንያት አለው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን በብዙ እጥፍ ጨምቆ ያጠበዋል፤ የተጨመቀ አየር ይግላል፤ በጋለው አየር ውስጥ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር መሠረቱ ይኸው የመጭመቅ ሙቀት ነው። ኋላ ደግሞ ፕሮስፐር ሎራንዥ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1909 ባስመዘገበው አሠራር ናፍጣው በቀጥታ ከፒስተኑ አናት ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በአንዲት ትንሽ ጓዳ ውስጥ እንዲረጭ ተደረገ። ይህ ሞተሩን ለስላሳ አደረገው፤ ሆኖም ጓዳዋ በብርድ ያደረች እንደ ሆነ የአየሩን ሙቀት ግድግዳዋ ይመጥጠዋል፤ ናፍጣውም ሳይቀጣጠል ነጭ ጭስ ሆኖ በጭስ መውጫው ይወጣል። በአገራችን ገጠር በብዛት የሚታየው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ዋን ኤች ዜድ ሞተር የዚህ ዓይነት ጓዳ ያለው ነው።

በዚህ ላይ አየሩ ራሱ በከፍታ ይሳሳል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ከሚገኘው ወደ 70 በመቶ፣ በሰነቴ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። የሚጨመቀው አየር ቀዝቃዛም ስስም ሲሆን ሞተሩ እርዳታ ይሻል። ያንን እርዳታ የሚሰጠው በእያንዳንዷ ጓዳ ውስጥ የሚገባው፣ መካኒኮቻችን «ግሎ ፕላግ» የሚሉት የማሞቂያ ካንዴላ ነው። ጣት የምታህል ብረት ናት፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኛት በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ጫፏ እንደ ፍም ይቀላል።

ስድስቱ ካንዴሎች በአንድነት ሲግሉ የሚስቡት ኃይል ከ60 አምፔር ይበልጣል። ይህንን በመኪናው ቁልፍ ቀጫጭን ሽቦ ውስጥ ማሳለፍ ቁልፉን ማቅለጥ ማለት ነው። ስለሆነም በመካከል ሪሌ ይቆማል። ሪሌ እንደ በር ዘብ ሊታሰብ ይችላል፤ ከቁልፉና ከሰዓት ቆጣሪው በቀጭን ሽቦ ትእዛዝ ሲደርሰው በውስጡ ያለው መግነጢስ ሁለት መዳቦችን ያገናኝና ከባትሪው የሚመጣውን ወፍራም ኃይል ወደ ካንዴሎቹ ያሳልፋል፤ ትእዛዙ ሲያበቃ በሩን ይዘጋል። ሲከፍትም ሲዘጋም «ጠቅ» ይላል። ይህች «ጠቅ» የምትል ድምፅ ለዛሬው ጉዳያችን ከብዙ መሣሪያ ትበልጣለች።

በአንድ የደጋ ጦር ሰፈር የደረሰውን እንንገራችሁ። የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ምጥ ይይዛታል። ባል ግዳጅ ላይ ነው። ጎረቤቶች ተጠራሩ፤ የአምቡላንሱ ሾፌርም ካፖርቱን ደርቦ እየሮጠ መጣ። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ዞረ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ግን አልነሣም። ደገመው፤ ሠለሰው። በአምስተኛው ሙከራ ባትሪው ደከመና ሞተሪኖው እንኳ መዞሩን አቆመ። በጋቢ የተጠቀለለችው እናት ከኋላ ሆና «ወንድሜ፣ አይነሣም እንዴ?» ስትል የጠየቀችውን ሾፌሩ እስከ ዛሬ ሲያነሣው ድምፁ ይለወጣል። በመጨረሻ ዘቦችና ጎረቤቶች ተረባርበው፣ መኪናውን ወደ ቁልቁለቱ ገፍተው ከአርባ ደቂቃ በኋላ አስነሡት። ሕፃኑ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ፣ አብረው በሄዱ አንዲት ጎረቤት እጅ ተወለደ። እናትና ልጅ በደኅና ተገናኙ፤ ያ ሌሊት ግን በሌላ መልኩ ሊያልቅ ይችል እንደ ነበር በመኪናው ውስጥ የነበሩ ሁሉ ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ የተደረገውም ልብ ሊባል ይገባዋል። በማግሥቱ አዲስ ባትሪ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት መኪናው ደግሞ እምቢ ሲል ስድስቱም ካንዴሎች ተለወጡ። አሁንም ያው ነው። ናፍጣው ውሃ አለበት ተባለና ማጣሪያው ተለወጠ። ይህ ሁሉ ወጪ ከወጣ በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጡና ኮፈኑን ከፍተው፣ ረዳቱ ቁልፉን እንዲያዞር አዝዘው፣ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ይኼ ዲዳ ነው» አሉ፤ ጣታቸው በሪሌው ላይ ነበር። ከሁሉም የረከሰው ዕቃ ከሁሉም በኋላ ተጠረጠረ።

ሰው ባትሪውን የሚጠረጥረው ስለሚያየው፣ ካንዴላውን የሚጠረጥረው ስሙን ስለሚያውቀው ይመስለናል። ሪሌው ግን ከጎን ላሜራ ላይ የታሰረ አቧራ የለበሰ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሌላዋ አሳሳች ደግሞ በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው፣ የተጠማዘዘ ሽቦ ምልክት ያላት ቢጫ መብራት ናት። ብዙ ሾፌር «መብራቷ በርታ ጠፍታለች፤ ስለዚህ ካንዴላው ግሏል» ይላል። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ይህች መብራት የምትታዘዘው በሰዓት ቆጣሪው ነው፤ ኃይሉ ከካንዴላው መድረሱን አታውቅም። ትእዛዙ መውጣቱን እንጂ መፈጸሙን አትመሰክርም።

ደግሞም በአዋሽ ቆላ ወይም በሌላ ሞቃት ምድብ የከረመ መኪና ሪሌው ሞቶም ቢሆን ቁልፉ እንደ ዞረ ሊነሣ ይችላል። ክፍሉ ወደ ደጋ ሲዛወር፣ ወይም መኪናው አንድ ሌሊት ብቻ ደጋ ላይ ሲያድር፣ ለዓመት ተደብቆ የኖረው ጉድለት በአንድ ማለዳ ይገለጣል። የዝናቡ ወራትም ድርሻ አለው፤ ጭቃውና ርጥበቱ ሽቦው በታሰረበት ዘንድ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። እንግዲህ መፈተሽ የሚገባው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ከመስቀል ማግሥት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው።

ፍተሻው ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አንዱ ከኮፈኑ ዘንድ፣ ሌላው ከቁልፉ ዘንድ። ባልና ሚስት ከቁርስ በፊት ሊጨርሱት ይችላሉ። ሞተሩ በብርድ ያደረ መሆን አለበት፤ የጋለ ሞተር ላይ ቆጣሪው ትእዛዝ ላይሰጥ ስለሚችል ፍተሻው ያታልላል። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑም ይያዝ። አስቀድሞ ባትሪው ይለካ፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሳለ ከ12.4 ቮልት ብዙ ዝቅ ካለ ቀሪውን ነገር ሁሉ ያዛባል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ሞተሪኖውን ሳያዞር በፊት ባለው ደረጃ ላይ ይቁም፤ ከኮፈኑ ዘንድ ያለው ሰው ያዳምጥ።

ድምፅ ከሌለ ወዲያው ሪሌው ሞቷል ማለት አይደለም። ሪሌው ላይ ሁለት ወፍራምና አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ይገኛሉ። የመፈተሻ አምፖል በቀጭኑ የትእዛዝ ሽቦና መካኒኮች «ማሳ» በሚሉት በመኪናው የብረት አካል መካከል ይያዝ። ቁልፉ ሲዞር አምፖሉ ካልበራ ጥፋቱ ከሪሌው በፊት ነው፤ ፊውዙ፣ ቆጣሪው ወይም ሽቦው ይታይ። አምፖሉ በርቶ ሪሌው ዝም ካለ የማሳው ሽቦ ይታይ፤ ማሳው ደኅና ከሆነ መግነጢሱ ተቃጥሏል።

«ጠቅ» ማለቱም ብቻውን ደኅንነቱን አያረጋግጥም። ብዙውን ጊዜ የሚያልቁት ሁለቱ መዳቦች ናቸው፤ በየማለዳው ሲገናኙ በሚፈጥሩት ብልጭታ እየከሰሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ካንዴሎቹ እየጋሉ ሳለ በሪሌው ወፍራም መግቢያና በወፍራም መውጫው ያለው ቮልት ይለካ። ልዩነቱ እምብዛም መሆን የለበትም። በመግቢያው 11 ቮልት ሆኖ በመውጫው 8 ብቻ ከተገኘ የጎደለው ኃይል በከሰሉት መዳቦች መካከል እየባከነ ነው፤ ካንዴላው ይሞቃል እንጂ አይቀላም። ከመውጫው ሙሉ ኃይል እየወጣ ሞተሩ አሁንም እምቢ ካለ ብቻ ወደ ካንዴሎቹ ይኬዳል፤ የሚያያይዛቸው ዘንግ ተፈቶ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይፈተሹ።

የሞተ ሪሌ ያስቸግራል፤ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ ግን ያጠፋል። መዳቦቹ ከግለታቸው የተነሣ አንዳንድ ጊዜ ተበይደው ይቀራሉ፤ በዚህ ጊዜ ቁልፉ ተነቅሎ እንኳ ኃይሉ ወደ ካንዴሎቹ ይፈስሳል። ባትሪው በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ለሴኮንዶች የተሠራው ካንዴላ ሰዓታት ሲግል ጫፉ ያብጣል፤ ሊነቅሉት ሲሉ ከቀዳዳው አልወጣም ይላል፤ ክፉ ዕድል ከሆነም ተሰብሮ ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለሆነም ሞተሩ ከጠፋና ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ አምፖሉን ከመውጫው ላይ አንድ ጊዜ መያዝ አይዘንጋ። ከበራ የባትሪው ነጋቲቭ ሽቦ በዚያው ቅጽበት ይፈታ። አንዳንድ መኪኖች ሞተሩ ከተነሣም በኋላ ለጥቂት ጊዜ በሁለተኛ ሪሌ በኩል ቀለል ያለ ኃይል እንዲሰጡ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ሞተሩ እየሠራ የሚታየውን ብርሃን ከዚህ ጥፋት ጋር ማምታታት አይገባም።

መለወጡ ከመፈተሹ ይቀላል። የባትሪው ነጋቲቭ በቅድሚያ ይፈታል፤ ይህ የማይዘለል ነው፤ ወፍራሙ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ያለበት በመሆኑ የመፍቻ ቁልፍ ከላሜራው ጋር ቢያገናኘው እጅ የሚያቃጥል ብልጭታ ይፈጥራል። ቀለበት በጣቱ ያደረገ ቀለበቱን ያውልቅ። ሽቦዎቹ ከመፈታታቸው በፊት በየዓይነቱ ክር ይታሰርባቸው፤ ከእመቤቲቱ የስፌት ሣጥን ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ክር ቢገኝ ከማንኛውም ምልክት ይሻላል። ሪሌው የተቀመጠበት ላሜራና የሽቦዎቹ ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ታሽተው እስኪያብረቀርቁ ይጽዱ። አዲሱ ይታሰር፤ ዳዶዎቹ በሚገባ ይጥበቁ፤ የላላ ዳዶ ራሱ ይግልና ሽቦውን ያቀልጣል። ነጋቲቩ በመጨረሻ ይመለሳል።

የሚገዛው ዕቃ ላይ ግን ጥቂት እንቆይ፤ ብዙው ድካም ከንቱ የሚሆነው ከዚህ ላይ ነውና። በመጀመሪያ ቮልቱ ይታይ። በክፍሉ ውስጥ ባለ 12 እና ባለ 24 ቮልት መኪኖች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ባለ 24ቱ ሪሌ በ12 ቮልት መኪና ላይ አቅም አግኝቶ አይስብም፤ ባለ 12ቱ ደግሞ በ24 ቮልት ላይ ይቃጠላል። ቀጥሎ አምፔሩ ነው። የጡሩምባ ወይም የመብራት ሪሌ መልኩ ቢመሳሰልም ብዙውን ጊዜ ለ30 አምፔር የተሠራ ነው፤ በካንዴላ ላይ ከገባ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ የእሳት አደጋም ያስከትላል። ያገለገለ ሪሌ ስለ መግዛት የሚጠይቁን አሉ። መስታወት፣ በር፣ መከላከያ ብረት ከአሮጌ ዕቃ ተራ ቢገዛ አንቃወምም፤ ሪሌ ግን ዕድሜው በውስጡ የተሰወረ ነውና ከሌላው መኪና ለምን እንደ ተፈታ ማን ያውቃል? አዲስ ይገዛ።

በየጋራዡ የተለመደ አንድ ብልሃትም አለ፤ ቆጣሪውን ትቶ በዳሽቦርዱ ላይ የደወል መጫኛ የመሰለ ቁልፍ መትከልና ሾፌሩ በእጁ ተጭኖ እንዲያግል ማድረግ። ፈጽመን አናወግዘውም፤ ቆጣሪው የማይገኝለት አሮጌ መኪና ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ያ ቁልፍ ሪሌውን ማዘዝ እንጂ ሪሌውን መተካት የለበትም፤ ወፍራሙን ኃይል በእንዲያ ያለ ቁልፍ የሚያሳልፍ ሰው በጉልበቱ ፊት ምድጃ እንደ ተከለ ይቁጠረው። ሾፌሩም ሰዓት የሚቆጥር ሰው መሆን አለበት፤ ስንት ሴኮንድ እንደሚበቃ የሚወሰነው በካንዴላው ዓይነት ነው፤ ከዚያ ያለፈ መጫን ካንዴላ ማቃጠል ነው። እንደ አምቡላንስ ሦስት አራት ሾፌር በሚፈራረቅበት መኪና ላይ ግን ይህ ብልሃት ባይደረግ እንመርጣለን። አንዱ ሃያ ይቆጥራል፣ ሌላው እስኪሰለቸው ይጫናል።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። ባለቤቶች በዚህ ነገር ከማንም ቀድመው ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማለዳ በመስኮት የሚሰማውን የሞተር ድምፅ እነርሱ ናቸው የሚሰሙት። ትናንት በአንድ ዙር ይነሣ የነበረ መኪና ዛሬ በሦስተኛው ከተነሣ፣ ተነሥቶም እየተንገጫገጨ ነጭ ጭስ ከተፋ፣ ለባል ወይም ለሾፌሩ መንገር ነገር ማብዛት አይደለም። ኅዳር 12 ቀን መንደሩ ሁሉ ይታጠናል፤ በየማለዳው የሚታጠን መንደር ግን ሪሌ ይፈልጋል። ሕፃናት ከመኪናው ኋላ እንዳይቆሙ ይጠበቁ፤ ያ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ብርድ ነው ተብሎም መኪና በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይነሣ፤ የሞተር ጭስ በታፈነ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሞተር አልነሣ ሲል ሰው የሚያደርጋቸው ሁለት ነገሮችም አሉ፤ ሁለቱም በሕፃናት ፊት የሚደረጉ መሆናቸው ያሳስበናል። አንደኛው ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድ ነው፤ ዘይትና ናፍጣ ከሚያንጠባጥብ ብረት ሥር የሚነድ እሳት ምን እንደሚያስከትል መዘርዘር አያሻም። ሁለተኛው ኤተር ወይም በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ወደ አየር ማስገቢያው ማቅረብ ነው። ኤተር ከናፍጣ በጣም ባነሰ ሙቀት የሚቀጣጠል በመሆኑ፣ ካንዴሎቹ በጋሉበት ሞተር ውስጥ ሲገባ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፤ ፒስተን ይሰብራል፤ እሳቱም ወደ ኋላ ተመልሶ የጨርቁን ባለቤት ፊት ያገኘዋል። ካንዴላው የሞተ መስሎት ኤተር የሚያቀርብ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሦስቱ ካንዴሎች በሕይወት እንዳሉ አያውቅም።

ድንገት በሌሊት ከተቸገሩ የሚሻለው ይህ ነው። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ሴኮንድ በላይ አለማዞር፤ በየመካከሉ ባትሪውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ማሳረፍ፤ ቁልፉን አጥፍቶ እንደገና በመክፈት ካንዴሎቹ ሁለተኛ እንዲግሉ ዕድል መስጠት፤ የፊት መብራቱንና ሬዲዮኑን ማጥፋት። መኪናው በእጅ ማርሽ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ማታ ሲያቆሙት ፊቱን ወደ ቁልቁለት አዙሮ፣ ድንጋይ አስደግፎ ማቆም ነው። የዚያ አምቡላንስ ሾፌር፣ ሪሌው ከተለወጠለት በኋላም ቢሆን፣ እስካሁን የሚያቆመው እንዲሁ ነው። አዲሱ ሪሌ ላይም የገባበትን ቀንና ወር በቀለም ጽፎበታል፤ አንድ ትርፍ ሪሌ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመድኃኒት ሣጥኑ ጎን አስቀምጧል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ አምድ ሕፃናትን በብርድ ወራት ስለሚይዛቸው ሳል እንነጋገራለን።